ስፌትን በአሮጌ ልብስ መማር፦ ከየት ልጀምር?

አዲስ መርፌ

ሰላም ለሁላችሁ። ስፌት መማር ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ማሽኑ ላይ ክር ማስገባትና ቀጥ ያለ መስመር መስፋት ችያለሁ። አዲስ ጨርቅ ግን እስካሁን አልቆረጥኩም። ሙሉ ጨርቅ ላይ መቀስ ማሳረፍ ያስፈራኛል። ስለዚህ ቁምሳጥን ውስጥ ተቀምጠው ማንም ከማይለብሳቸው ልብሶች ጀመርኩ።

የመጀመሪያ ሥራዬ የወንድሜ ሸሚዝ ነበር። በጣም ይሰፋኛል። ለካሁት፤ ዙሪያው 4 ሳንቲ ሜትር ቢቀንስ ልኬ ይሆናል አልኩ። ከዚያ በግራ ጎን 4፣ በቀኝ ጎን 4 ሳንቲ ሜትር አስገብቼ ሰፋሁ። ስለብሰው ደረቴ ላይ አልቆለፍ አለ። ቁጭ ብዬ ሳሰላው ገባኝ። እያንዳንዱ ጎን የፊትና የኋላ ጨርቅ አለው። 4 ሳስገባ የሚሄደው 8 ነው። በሁለቱ ጎን 16 ሳንቲ ሜትር ቀንሼለታለሁ። 4 ለመቀነስ በየጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይበቃ ነበር።

ደግነቱ ትርፉን አልቆረጥኩትም። ሙሉ ምሽት ቁጭ ብዬ ተረተርኩት። የገረመኝ ነገር፣ ስሰፋ ካየሁት ይልቅ ስተረትር ያየሁት ይበልጣል። የሸሚዙ ጎን ጨርቁ እርስ በርሱ ታጥፎ ሁለት ጊዜ ነው የተሰፋው፤ ጥሬ ጠርዝ የትም አይታይም። የእጅጌው የውስጥ ስፌትና የጎኑ ስፌት አንድ ሳይቋረጥ የሚወርድ መስመር ነው። ስለዚህ እጅጌው ትከሻው ላይ የተያያዘው ጎኑ ከመዘጋቱ በፊት ነው ማለት ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም። ስፌቱ ራሱ ነው ያሳየኝ።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። በዚህ መንገድ መቀጠል ይሻላል? ወይስ አዲስ ጨርቅ ይዤ እንደ ትራስ ልብስ ካለ ቀላል ነገር ልጀምር?

ድርና ማግ

በዚሁ ቀጥዪ እህቴ። መተርተርን ብዙ ሰው እንደ ቅጣት ነው የሚያየው፤ አንቺ እንደ ትምህርት ማየትሽ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን አተራተሩንም ማወቅ አለብሽ።

የቤት ማሽን በሁለት ክር ነው የሚሰፋው። አንዱ ከላይ በመርፌው፣ ሌላው ከታች በቦቢኑ ይመጣል። ሁለቱ ጨርቁ መሃል ላይ ይቆላለፋሉ። ኤልያስ ሀው የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1846 የፈጠራ መብት ያስመዘገበው ማሽን የሚሰፋው በዚሁ ዓይነት ስፌት ነበር። ስለተቆላለፈ አንዱን ጫፍ ብትስቢው አይፈታም። እንዲያውም ጨርቁን ይሰበስበውና ይቀደዳል። በአንድ ፊት በየሦስት በየአራት ስፌቱ ቁረጪ። ከዚያ ልብሱን ገልብጠሽ የሌላውን ፊት ክር ሳቢ፤ ሙሉው በአንዴ ይወጣል። የቀረውን ብጥስጣሽ በእጅሽ አራግፊው።

ጀርባው ላይ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ስፌት ካየሽ ደግሞ ሌላ ነው። ብዙ ጂንስ ታች ቅምቅማቱ ላይ፣ የጆንያም አፍ ላይ ያለው ይኸ ነው። ስፌቱ ያለቀበትን ጫፍ አግኝተሽ ከሳብሽው እስከ መጨረሻው ይፈታል። ካልፈታልሽ ከሌላው ጫፍ ሞክሪ።

አንድ ሌላ ጥቅም ልጨምርልሽ። አሮጌ ልብስ ብዙ ጊዜ ታጥቧል። የሚጠበውን ያህል ጠቧል፤ የሚለቀውን ቀለም ለቋል። አዲስ የጥጥ ጨርቅ ሳታጥቢው ብትሰፊው ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ሊያጥርብሽ ይችላል።

ባለ ሜትሩ

ልጄ፣ አያያዝሽን ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ላይ ግን ከሌሎቹ እለያለሁ። 31 ዓመት ከማሽን ጋር ኖሬያለሁ። ልብስ ማስተካከል አዲስ ከመስፋት ይከብዳል። አዲስ ጨርቅ አንቺ ያልሽውን ይሆናል። አሮጌ ልብስ ሌላ ሰው የወሰነውን ይዞ ነው የሚመጣው። ውስጡ የተተወው የስፌት ትርፍ 1 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከዚያ በላይ ማስፋት አይቻልም። የድሮው መርፌ ቀዳዳ አንዳንድ ጨርቅ ላይ አይጠፋም፤ ቆዳ ላይ ጭራሽ አይደፈንም። ታጥፎ የኖረው ቦታ ደግሞ ፀሐይ ስላላየው ቀለሙ ደመቅ ይላል። ስትለቂው መስመሩ ይታያል።

አትማሪበት ማለቴ አይደለም። የምትጀምሪበትን ቦታ ምረጪ ነው የምልሽ። ትከሻ አትንኪ። ኮሌታውም፣ እጅጌው የሚገባበት ክብም ትከሻውን ተከትሎ ነው የተቆረጠው። አንዱን ስትነኪ ሁሉም ይነካል። ትከሻው ልክሽ የሆነ ልብስ ፈልጊ፤ ጎኑና ርዝመቱ በኋላ ይስተካከላል። መጀመሪያ የሱሪና የቀሚስ ታች አሳጥሪ። አምስት ስድስት ሱሪ ካሳጠርሽ በኋላ እጅሽ ይረጋል። ከዚያ ጎን ማጥበብ፣ ከዚያ ወገብ።

ጎን ስታጠቢ ልብሱን ገልብጠሽ ትለብሺና በስፒል ትይዢዋለሽ አይደል? አስቢበት፤ የተገለበጠ ልብስ ቀኙ ግራ ነው። በቀኝ ጎንሽ የለካሽው መልሰሽ ስትለብሺው ግራሽ ላይ ይውላል። የሰው ዳሌና ትከሻ ደግሞ ሁለቱም ጎን እኩል አይደለም። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ መካከለኛውን ወስደሽ ሁለቱንም እኩል አድርጊው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ የማሽኑን የስፌት ርዝመት 5 ሚሊ ሜትር ላይ አድርገሽ በረጃጅሙ ስፊው። ለብሰሽ ተቀመጪ፤ እጅሽን ወደ ላይ አንሺ፤ ጎንበስ በይ። ከተመቸሽ በ2.5 ሚሊ ሜትር ድገሚው። መቀስ የመጨረሻ ነው። 16 ሳንቲ ሜትር የበላሽውን ሸሚዝ ያተረፈልሽ አለመቁረጥሽ ነው።

አዲስ መርፌ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቀኝና ግራው ፈጽሞ አልታየኝም ነበር። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሱሪ ሳሳጥር የጂንሱ የድሮ ቅምቅማት ይጠፋብኛል። ያ የተሸበሸበውና ነጣ ያለው ጠርዝ ማለቴ ነው። አዲሱ ቅምቅማት ደረቅ ሆኖ ይታያል።

ባለ ሜትሩ

የድሮውን አታጥፊው። ስንት ማሳጠር እንደፈለግሽ ለኪ፤ 6 ሳንቲ ሜትር እንበል። የድሮውን ጠርዝ ወደ ውጭ፣ ወደ ላይ እጠፊው። ከቅምቅማቱ ስፌት መስመር እስከ እጥፋቱ 3 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ የ6 ግማሽ ነው። የቅምቅማቱን ውፍረት ሳትቆጥሪ። አሁን ከድሮው ስፌት መስመር ሥር፣ በጣም ተጠግተሽ ዙሪያውን ስፊ፤ ቅምቅማቱ ላይ ግን አትውጪ። የድሮውን ጠርዝ ወደ ታች መልሺው። ትርፉ ወደ ውስጥ ይገባል። በካውያ ተኩሺው። አዲሱ ስፌት ከድሮው ሥር ተደብቆ ይቀራል። የጎኑ ስፌት ያለበት ቦታ ላይ ጨርቁ ብዙ ድርብ ስለሚሆን ማሽኑን በእጅ እያዞርሽ እለፊው፤ አለዚያ መርፌ ይሰበራል።

ሰማያዊ ክር

ጂንስ ከተነሣ እኔም ልጠይቅ። ሱሪዬ ሁሌ የሚቀደደው በጭኑ መሃል፣ እግርና እግር በሚፋተግበት ቦታ ነው። ወፍራም አዲስ ጨርቅ ከውስጥ አድርጌ ጣፍኩት። አንድ ወርም አልቆየ፤ ጥፉ ደህና ነው፣ ከጎኑ ግን ተቀደደ። ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ድርና ማግ

ቀዳዳው ችግሩ መጨረሻ ላይ የሚታይበት ቦታ ነው። ሱሪውን ወደ ብርሃን አንሥተህ እየው። በቀዳዳው ዙሪያ ጨርቁ ሳስቶ ብርሃን ያስገባል። ጥፉ ማለፍ ያለበት ቀዳዳውን ሳይሆን የሳሳውን ሁሉ ነው። ከሳሳው ጠርዝ ላይ ደግሞ 2 ሳንቲ ሜትር ጨምርበት።

ወፍራም አዲስ ጨርቅ የሳሳ ጨርቅ ላይ ስታደርግ ጠርዙ እንደ ቢላ ይሆናል። ስትራመድ የሚታጠፈው በዚያ ጠርዝ ላይ ነው። ከሌላ ያረጀ ጂንስ፣ ከባቱ አካባቢ ቁረጥ፤ እዚያ ጨርቁ ጠንካራ ነው፣ ግን ለስልሷል። አራቱን ማዕዘን ክብ አድርጋቸው፤ ሹል ማዕዘን ቶሎ ይላቀቃል።

አቅጣጫውንም አስተውል። ጂንስ ድሩ ሰማያዊ፣ ማጉ ነጭ ነው። ጉልበቱ ሲቀደድ በአግድም ተንጠልጥለው የሚቀሩት ነጫጭ ክሮች ማጉ ናቸው፤ ሰማያዊው ድር አልቋል። ስለዚህ ጥፉን ስታስቀምጥ ድሩ ከሱሪው ድር ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ይሁን። አለዚያ ሁለቱ ለየብቻ ይሳባሉ። ከዚያ ሽቅብና ቁልቁል፣ በየ3 ሚሊ ሜትሩ፣ የሳሳውን ቦታ በሙሉ በመስመር ሙላው። መርፌህን ደግሞ ወደ 100 ቀይር።

ሰማያዊ ክር

100 ስትል? መርፌዬ ላይ 90/14 ይላል።

ድርና ማግ

የመጀመሪያው ቁጥር ውፍረቱ ነው። 90 ማለት 0.9 ሚሊ ሜትር፣ 100 ማለት 1 ሚሊ ሜትር። ሁለተኛው የቆየ የአሜሪካ ቁጥር ነው፤ 100 ከ16 ጋር ይሄዳል። ለሸሚዝ ጨርቅ 80 ይበቃል። ለስስ ነገር 70 ወይም 60። ቲሸርትና የሚለጠጥ ነገር ሲሆን ቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ መርፌ ያስፈልጋል። ሹሉ መርፌ የቲሸርቱን ክር ይበጥስና ትንንሽ ቀዳዳ እየሆነ ይሄዳል። ድቡልቡሉ በክሮቹ መካከል ገፍቶ ያልፋል። ስፌቱም ቀጥ ያለ ሳይሆን ጠባብ ዚግዛግ ይሁን፤ ጨርቁ ሲለጠጥ አብሮ ይለጠጣል።

ጥቅልል

እኔ ገና ቀጥ ያለ መስመር ላይ ነኝ። ስሰፋ ከጨርቁ ሥር ክሩ እንደ ወፍ ጎጆ ይሆናል። ከሥር ስለሆነ የታችኛውን ክር አሥር ጊዜ ፈትቼ ጠቀለልኩት። ለውጥ የለም። ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ ልተወው ነው።

ባለ ሜትሩ

አትተዪው ልጄ፤ ማሽንሽ ደህና ነው። ከሥር የሚከመረው ብዙውን ጊዜ የላይኛው ክር ነው። የላይኛው ክር የሚጠብቀው በሁለት ብረቶች መካከል ሲያልፍ ነው። ጨርቁን የሚጫነው የማሽኑ እግር ወደ ታች እንደወረደ ክር ካስገባሽ ብረቶቹ ተዘግተዋል፤ ክሩ ከላያቸው ያልፋል እንጂ መሃላቸው አይገባም። የሚይዘው ስለሌለ ወደ ታች ይፈስሳል። የላዩን ክር ሙሉ በሙሉ አውጪው። እግሩን አንሺ። እንደገና አስገቢ። መጀመሪያ ስትሰፊ ሁለቱንም ክር ወደ ኋላ ያዢያቸው።

ጥቅልል

ጋሼ!! ሠራ! ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚህ ስሰቃይ ነበር። እድሜ ይስጥልኝ።

ቀስ በቀስ

ማሽን ለሌለን ሰዎችም ቦታ ይኑረን። እኔ ሁሉንም በእጅ ነው የምሠራው። አንድ ሰው በእጅ ብቻ ብዙ መማር ይችላል፤ እንዲያውም ጨርቁ ምን እንደሚል የሚሰማው በእጅ ሲሰፋ ነው።

ክሩን ከክንድ ርዝመት አታሳልፉት። ከጣት ጫፍ እስከ ክርን፣ ወደ 45 ሳንቲ ሜትር፣ ይበቃል። ረጅም ክር ጊዜ የሚያተርፍ ይመስላል፤ ግን ይቋጠራል፤ በጨርቁ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለሚመላለስም ይሳሳል። ሲጠማዘዝባችሁ መርፌውን ልቀቁትና ይንጠልጠል፤ ራሱ ዞሮ ዞሮ ይፈታል።

የተቀደደ ካልሲና ሹራብ ላይ የምሠራው ነገር ሽመና ነው። ቀዳዳውን ለስላሳና ድቡልቡል ነገር ላይ እወጥረዋለሁ፤ የተቃጠለ አምፖል ጥሩ ነው። ከቀዳዳው 1 ሳንቲ ሜትር ርቄ፣ ደህናው ጨርቅ ላይ ጀምሬ ሽቅብና ቁልቁል ክር እዘረጋለሁ። ይህ ድሩ ነው። ከዚያ በአግድም አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከሥር እያልኩ አሳልፋለሁ፤ በሚቀጥለው መስመር እገለብጠዋለሁ። ይህ ማጉ ነው። በየመታጠፊያው ላይ ክሩን አላጠብቀውም፤ ትንሽ ቀለበት እተውለታለሁ። ሲታጠብ ክሩ ቢጠብ ጨርቁን እንዳይሰበስበው ነው። የመጀመሪያዬ ላይ ይህን ሳላውቅ ካልሲው ተረከዝ ላይ ጓጎለብኝ፤ ስራመድ ይቆረቁረኝ ነበር።

ቁልፍ ደግሞ ጨርቁ ላይ ልጥፍ አድርጋችሁ አትስፉት። በቁልፉ ላይ የክብሪት እንጨት አስቀምጡና በእንጨቱ ላይ እያሳለፋችሁ ስፉ። ሲያልቅ እንጨቱን አውጡት፤ ቁልፉን ወደ ላይ ስባችሁ ከሥሩ ያለውን ክር ሦስት አራት ጊዜ ጠምጥሙት። ኮት ላይ ይህ ከሌለ ወፍራሙ ጨርቅ ቁልፉ ሥር መቀመጫ ያጣል፤ ተጨምድዶ ይታያል።

የአያቴ ሳጥን

ሁላችሁንም ሳነብ ቆየሁ። አንድ ነገር ልበል።

ልጅ ሳለሁ የተጣፈ ልብስ ለብሼ ትምህርት ቤት እሄድ ነበር። ድሪቶ ይሉኝ ነበር። ጥፉ ያለበትን ጉልበቴን በደብተር እሸፍናለሁ። እናቴ ያንን ጥፍ ማታ፣ ሁላችንም ከተኛን በኋላ እንደምትሠራው አውቅ ነበር፤ ቢሆንም ማፈሬን አልተውኩም። አሁን ስፌት ስማር ያንን ሱሪ አገኘሁት። ጥፉን አየሁት። የእያንዳንዱ ስፌት ርዝመት እኩል ነው። በእጅ የተሠራ ነው፤ ግን በማሽን የተሰፋ ይመስላል። እኔ ዛሬ ሞክሬ አልቻልኩም።

በሰሜን ጃፓን የነበሩ ገበሬዎች አገራቸው ብርዳማ ስለሆነ ጥጥ አይበቅልላቸውም ነበር። ያገኙትን እራፊ ሁሉ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረቱ፣ በመርፌ እየጠቀሙ ልብስና ብርድ ልብስ ያደርጉት ነበር። ቦሮ ይባላል። የድህነት ልብስ ነበር፤ ዛሬ በሙዚየም ተሰቅሎ ይታያል። ስለዚህ እኔ ጥፌን አልደብቅም። በሰማያዊ ጨርቅ ላይ በነጭ ክር ነው የምጠቅመው።

ሰማያዊ ክር

ልቤን ነካሽው። ግን ቢሮ የምለብሰው ሱሪ ላይ ነጭ ክር ማድረግ አልችልም። መደበቅም እውቀት ነው ብዬ አስባለሁ።

ባለ ሜትሩ

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ለሥራ ልብስ እኔም እደብቃለሁ። ከሱቅ የተገዛ ክር ከልብሱ ቀለም ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። የሚገጥመው የራሱ ክር ነው። ከውስጥ፣ ከቅምቅማቱ ወይም ከስፌት ትርፉ ላይ ክር መዝዝ፤ በዚያ ጠግን። በተለይ ለሱፍ ኮት ይህን የሚያህል የለም።

የእናትሽ ስፌት እኩል የሆነው ግን በዓይን አይደለም ልጄ። መርፌውን ሳታወጣ ሦስት አራት ስፌት በአንዴ እየሰበሰበች ነው። መርፌውን አጥብቀሽ ያዢና ጨርቁን ላይ ታች አድርጊው። የሚሄደው መርፌው ሳይሆን ጨርቁ ነው።

የአያቴ ሳጥን

አሁን ሞከርኩት። ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ጨርቁ ነው የሚሄደው። እናቴን ልጠይቃት ስልክ ደወልኩላት፤ «ታዲያ እንዴት ይሰፋል?» አለችኝ።

ጥቅልል

አንድ ጥያቄ ብቻ። የሱፍ ሹራብ በሙቅ ውሃ አጥቤ ለሕፃን እንኳ የማይበቃ ሆነ። ደርቋል፣ ወፍሯል። ጥዬው ነበር፤ ይህን ውይይት ሳነብ ከቆሻሻው አወጣሁት።

ቀስ በቀስ

እንኳን አወጣሽው። ሱፍ በሙቀትና በፍትጊያ እርስ በርሱ ይያያዛል። ወደ ነበረበት አይመለስም። ግን ተመልከቺ፤ አሁን ብትቆርጪው አይተረተርም። ደህና ሹራብ መቀስ ሲነካው ይፈታል፤ ያንቺ ጠርዙን መዘምዘም እንኳ አያስፈልገውም። ለጀማሪ እንዲህ ያለ ጨርቅ አይገኝም። እጅሽን ወረቀት ላይ አስቀምጠሽ ዙሪያውን 1 ሳንቲ ሜትር አስፍተሽ ሣዪ፤ ጓንት ይወጣዋል። የሹራቡን የታች ጠርዝ የእጅ አንጓው ላይ አድርጊው፤ ተሠርቶ ያለቀ ነው።

አዲስ መርፌ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ጋሼ እንዳሉኝ ስድስት ሱሪ አሳጠርኩ። አራተኛው ላይ መፍራት አቆምኩ። የወንድሜ ሸሚዝም ጎኑ በየጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር ጠቦ ልኬ ሆነ።

ሸሚዙ ኮሌታው ግን እጥፋቱ ላይ አልቆ ነጭ ክር ይታይ ነበር። ገልብጬ ልሰፋው አሰብኩ። ኮሌታውን ከአንገቱ ላይ ተረተርኩት። የታችኛው ፊት እንደ አዲስ ነው፤ ፀሐይም አንገትም አልነካውም። ገልብጬ መልሼ ከተትኩት። ለብሼዋለሁ አሁን። ሁለት ነገር ግን ቀረኝ። ኮሌታው በአንድ ጎን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ወጣ ብሏል። ደግሞ ያ ኮሌታውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ፕላስቲክ የሚገባበት ቀዳዳ ድሮ ከሥር ነበር፤ አሁን ከላይ ይታያል።

ባለ ሜትሩ

ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሌታ ገልብጠሽ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሳትሽ ጎበዝ ነሽ ልጄ። እኔ ስጀምር ከዚህ በላይ ነበር የሳትኩት።

ለሚቀጥለው፣ ከመተርተርሽ በፊት ኮሌታውን ለሁለት እጠፊና መሃሉን በክር ምልክት አድርጊበት። የአንገቱንም እንዲሁ። ስትመልሺው መሃል ከመሃል ገጥመሽ በስፒል ያዢ፤ ከዚያ ከመሃል ወደ ጫፍ ሂጂ። ከአንዱ ጫፍ ጀምረሽ ከሄድሽ ጨርቁ እየተገፋ ልዩነቱ ሁሉ መጨረሻው ላይ ይከማቻል። ያንቺም የሆነው ይኸው ይመስለኛል።

ቀዳዳውን ፕላስቲኩን አውጥተሽ በእጅ ዝጊው። ክር ከሸሚዙ የውስጥ ቅምቅማት ላይ ምዘዢ። መርፌው አንዴ ከአንዱ ጠርዝ፣ አንዴ ከሌላው ጠርዝ እጥፋት ውስጥ ይግባ፤ እንደ መሰላል። ሁለት ሦስት ስትሠሪ ቀስ ብለሽ ሳቢው። ይዘጋል።

አዲስ መርፌ

ዛሬ ማታ እዘጋዋለሁ ጋሼ። ወንድሜ ደግሞ ሸሚዙን አይቶ መልሺልኝ ብሏል። ሌላ አራት ሸሚዝ ይዞልኝ መጣ፤ የሁሉም ኮሌታ አልቋል። መሃላቸውን በክር ምልክት አድርጌ ጨርሻለሁ።